መጀመሪያ ጥቁሩ፣ ከዚያ ቀዩ

«ሄልጋስ እንዴት ናት?» አለ ዋልደማር፣ ሦስተኛውን ሳህን ሾርባ ወደ ራሱ እየሳበ።

ኤልፍሪዳ ዳቦ ልታቀርብለት ጎንበስ ብላ ነበር። እንዳጎነበሰች ቀረች። ባሏ ሬይንሆልድ ከሞተ ገና ሁለተኛ ቀኑ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ቤቱን የሞላው ሰው ሁሉ ስለ እሱ ሲያወራ ውሏል፤ ይህን ጥያቄ ግን እስካሁን ያነሳ አልነበረም። እሷም ከሁሉ አብልጣ ስትፈራው የዋለችው ይህንኑ ነው።

«ደህና ናት» አለች።

ሄልጋ ሰው አይደለችም። ሞተርና መሪ፣ አልጋና ምድጃ፣ መታጠቢያም ያላት ተሽከርካሪ ቤት ናት። ርዝመቷ ሠላሳ ሜትር ነው። ወረቀቷ ላይ ዘጠኝ ይላል፤ ወረቀቱን የጻፈው ሰው ግን ነዳጅ ማደያ ስትገባ አላያትም። ስሟን ያወጣላት ሬይንሆልድ ነው፣ በአክስቱ ስም። አክስቱም ሰፊ ነበሩ፣ ዳገት ላይም እንዲሁ ያለከልኩ ነበር።

«ባትሪዎቹንስ ምድር ቤት አወረድሻቸው?»

«ሬይኒ ያለኝን አድርጌያለሁ።»

«እሱ ያለውን ካደረግሽማ ባትሪዎቹ እኔንም አንቺንም ይቀብራሉ» አለ ዋልደማር። «ቢሆንም ነገ ወጣ ብዬ አያቸዋለሁ።»

ነገ አይመችም አለችው። ነገ ማታ ቤተ ክርስቲያን የመቁጠሪያ ጸሎት አለ፣ ከቢስማርክ ከተማ የሚመጡ ዘመዶች አሉ፣ ግቢው በረዶ ነው። ሰበቦቹን አንድ በአንድ ስትደረድር ዳቦው ከእጇ አልወረደም ነበር። ዋልደማር ራሱ ተነስቶ ወሰደላት።

ዋልደማር ጎረቤት ነው፤ እርሻው ከእነ ኤልፍሪዳ ግቢ ይዋሰናል። ለሃምሳ ዓመት ትንፋሽ ሳይወስድ አውርቷል። ሲያንሾካሹክ እንኳ ካናዳ ድንበር ላይ ያሉ ላሞች ጆሯቸውን ያቆማሉ። ስለዚህ ሄልጋን አያታለሁ ማለቱን ከሳሎን እስከ ጓዳ ያልሰማ አልነበረም። ምክንያቱንም ሁሉም ያውቃል። በእኛ በኖይበርግ ተሽከርካሪ ቤት ያላቸው ሰዎች ማኅበር አላቸው፤ ከመካከላቸው አንዱ ሲቀበር የገዛ መኪናው ሰልፉን ይመራል፣ መቃብሩ በር ላይ ሲደርስም ሦስት ጊዜ ጥሩምባ ይነፋል። ጥር ላይ ግን መሬቱ በበረዶ ጠንክሮ አይቆፈርም። ሬይንሆልድ የሚቀበረው ግንቦት ላይ አፈሩ ሲለቅ ነው። እስከዚያ እሱም ይጠብቃል፣ ሄልጋም ትጠብቃለች።

በዚያ ሳምንት ለኤልፍሪዳ የመጣው ክኔፍላ የሚባለው የሊጥ ሾርባ ቢደፋ የሚዙሪ ወንዝ ይሞላ ነበር። ኩኽን የሚባለው ኬክ፣ የተጋገረው ፓስታ፣ የኮመጠጠው ጎመን ጠረጴዛውን አጥግቦ መስኮት ላይ ተደረደረ። የወንዶቹ ካፖርት አልጋ ላይ ተከምሮ ጣራ ሊነካ ምንም አልቀረውም። ሴቶቹ ቀጭኑን ቡና በየሲኒው እየሞሉ በዝቅታ ያወራሉ፦ ልጃቸውን ማን አስጠራት፣ ሬይንሆልድ በመጨረሻ ምን አለ፣ ኤልፍሪዳ ለምን አላለቀሰችም። ኤልፍሪዳ ይሰማታል። ለምን እንዳላለቀሰች ብትጠየቅ አታውቅም። ሐሳቧ ሁሉ ከወጥ ቤቱ መስኮት ባሻገር፣ በረዶ ውስጥ እስከ ወገቧ ተቀብራ የቆመችው ሄልጋ ጋ ነበር።

ነገሩ የጀመረው ጥቅምት ላይ ነው።

ሬይንሆልድ ሠላሳ አንድ ዓመት የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነድቷል። ጠዋት ከዜሮ በታች አርባ ሲሆን የሌላው ሾፌር መኪና አልነሳ ብሎ ልጆች ሲቀሩ፣ የእሱ አውቶቡስ አንዴም ቀርቶ አያውቅም። ምክንያቱ ባትሪ ነው። ስለ ባትሪ የሚያውቀውን ያህል ጳጳሱ ስለ መንግሥተ ሰማያት አያውቁም። ጡረታ ወጥቶ ሄልጋን ሲገዛ ያንኑ እውቀቱን ይዞላት ገባ። በየዓመቱ በጥቅምት መጀመሪያ ሳምንት ኤሌክትሪኩን የሚዘጋውን ማዞሪያ፣ መቁረጫውን፣ ያዞራል፣ ጥቁሩን ገመድ ይፈታል፣ የጥቁሩ ገመድ ጫፍ ነፋስ ወዝውዞት ባትሪውን እንዳይነካ አሮጌ የሱፍ ካልሲ ያጠልቅለታል፣ ከዚያ ቀዩን ይፈታል፣ ሁለቱን ባትሪዎች ተሸክሞ ምድር ቤት ድንቹ አጠገብ ሳንቃ ላይ ያስቀምጣቸዋል። በየእሑዱ ከቅዳሴ መልስ ወርዶ ቻርጀሩን ያያል። ኤልፍሪዳ ከላይ ሆና ሲያናግራቸው ትሰማለች። የሌላው ሰው ባትሪ በአራት ዓመት ሲሞት የእሱ ለአሥራ አንድ ክረምት ኖሯል። ይህ የተጋነነ አይደለም፤ አሥራ አንድ ነው።

አንድ ጊዜ፣ ገና በመጀመሪያው ዓመት፣ ላግዝህ ብላ ቀዩን ቀድማ ፈታች። የያዘችው መፍቻ የመኪናዋን ብረት ነካ። ብልጭታው ከሚኖት ከተማ ታይቷል ብለው የሚምሉ አሉ። የኤልፍሪዳ ግራ ቅንድብ ለመመለስ ሁለት ወር ፈጀበት። ሬይንሆልድ መጀመሪያ ደነገጠ፤ ምንም እንዳልሆነች ሲያይ መሬት ላይ ተቀምጦ ሳቀ። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ካልሲና ጫማ ሲያደርግ ሳይቀር «መጀመሪያ ጥቁሩ፣ ከዚያ ቀዩ» ይላታል፤ እሷም ትራስ ትወረውርበታለች።

ባለፈው ጥቅምት የመጀመሪያው ሳምንት ሲመጣ ሬይንሆልድ ቢስማርክ ሆስፒታል ተኝቶ ነበር። የሳምባው ነገር ነው። የምሳውን ዝርዝር ወረቀት ገልብጦ ሣለላት። ሁለት ሳጥን፣ አንድ ጥቁር መሥመር፣ አንድ ቀይ።

«ማውረዱን ተዪው፣ ወገብሽ አይችለውም» አላት። «መቁረጫውን አዙሪ። ከዚያ ጥቁሩን ፍቺ። መቁረጫው ብቻውን አይበቃም፣ ኤልፊ፤ ሁሉን አይቆርጥም። ጥቁሩ ከተፈታ ግን ከነሙላታቸው ግንቦትን ያያሉ። ቃል ግቢልኝ።»

ቃል ገባችለት።

በማግስቱ ወጣች። መቁረጫውን አዞረች። የባትሪውን ሳጥን ከፍታ መፍቻውን የጥቁሩ ገመድ ብሎን ላይ ገጠመች፤ ብሎኑ ዝጎ ነበር። አንዴ ገፋች፣ ሁለቴ ገፋች። በሦስተኛው መፍቻው አምልጧት የጣቷ መገጣጠሚያ ተላጠ። ነፋሱ ከሰሜን እየመጣ ዓይኗን ያስነባታል። ነገ በዘይት አርሼው እፈታዋለሁ ብላ ሳጥኑን ዘጋች።

ማታ ስልክ ደወለ።

«ፈታሽው?»

የተላጠውን ጣቷን አየች። ድምፁ ደክሟል። «ፈታሁት» አለችው።

«ጥቁሩን ቀድመሽ?»

«ጥቁሩን ቀድሜ።»

ሳቀ። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ፤ ሳሉ ረጅም ነበር። ነርሷ ስልኩን ተቀበለችው።

ያ ነገ አልመጣም። በዚያው ሌሊት የጀመረው ማዕበል ሦስት ቀን ነፈሰ፤ ሲቆም ሄልጋ በሰሜን በኩል፣ የባትሪው ሳጥን ባለበት፣ እስከ ጣራዋ በረዶ ተቆልሎባት ነበር። አካፋ ይዛ ሁለት ጊዜ ሞክራለች። አንድ አካፋ ስታነሳ ነፋሱ ሁለት ይመልሳል። ዋልደማርን በትራክተር ጥረግልኝ ማለት ትችል ነበር። ግን ለምን ይላታል፤ ከጠየቀ ይሰማል፤ ከሰማ ለሬይንሆልድ ይደውላል። ቢስማርክም የዋልደማርን ድምፅ ለመስማት ስልክ አያስፈልጋትም።

በለቅሶው ሦስተኛ ቀን የኤልፍሪዳ ልጅ ማርሊስ ለሾርባው ድንች ልታመጣ ምድር ቤት ወረደች። የወጣችው ድንች ሳትይዝ ነው።

«እማዬ፣ የአባዬ ባትሪዎች የት ሄዱ?»

ወጥ ቤቱ ውስጥ የነበሩት ሴቶች ሳህን ማጠቡን አቆሙ።

«ሄልጋ ላይ ናቸው። አባትሽ እዚያው ይሁኑ አለኝ።»

«አባዬ? አባዬ እኮ እኔ የተወለድኩ ቀን እንኳ ዘግይቶ የመጣው የአውቶቡሱን ባትሪ ቻርጅ ሲያደርግ ነው።»

ሴቶቹ ሳቁ። ማርሊስም ሳቀች፣ ሳቋ መሃል ላይ ተሰበረና ፊቷን በማድረቂያው ጨርቅ ሸፈነች። ኤልፍሪዳ ልጇን አቅፋ ጀርባዋን እየመታች ወደ መስኮቱ ተመለከተች። አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ነው፤ እየመሸ ነው። በዚህ ሰዓት ነበር በየቀኑ አረንጓዴዋን መብራት በዓይኗ የምትፈልጋት፤ አሁን የለችም።

ሄልጋ በር ሥር፣ ከወለሉ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ የምስር ፍሬ የምታህል መብራት አለች። በበሩ መስታወት በኩል ግቢውን አቋርጣ ወጥ ቤት ድረስ ትታይ ነበር። ኤልፍሪዳ ያየቻት ከማዕበሉ በኋላ ነው፤ ብቻዋን ቆማ የቆርቆሮ ሾርባ ስታሞቅ። ልቧ እንዴት እንደተመለሰላት! በዚያ ሁሉ በረዶ ውስጥ አንድ ነገር በርቷል። እስካልጠፋች ድረስ ባትሪዎቹ አሉ፤ ባትሪዎቹ ካሉ ውሸቱም ያን ያህል ውሸት አይደለም። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ መጋረጃ አትዘጋም ነበር።

ኅዳር ላይ አንድ ማታ በስልክ ነገረችው። እስከዚያ ድረስ በየቀኑ ስለ ባትሪዎቹ ይጠይቃት ነበር፤ እሷም ደህና ናቸው ትለው ነበር።

«አረንጓዴዋ መብራት እኮ ከዚህ ትታየኛለች፣ ሬይኒ። ሄልጋ ደህና ናት ማለት ነው፣ አይደል?»

የሚያስተነፍሰው መሣሪያ ሲስብ፣ ሲለቅ፣ ሲስብ ሰማች።

«ደህና ናት ማለት ነው» አለ በመጨረሻ። «አንቺ ግን ከእንግዲህ ወደዚያ አትውጪ። ብርድ ነው።»

ከዚያ ቀን በኋላ ስለ ባትሪ ጠይቋት አያውቅም። ድመቷ በላች ወይ፣ አንቺስ በላሽ ወይ፣ ጓዳው ይሞቃል ወይ ይላል። ኤልፍሪዳ አመነኝ አለች፣ ተገላገልኩ አለች። በታኅሣሥ አጋማሽ መብራቷ ሳትታያት ስትቀርም፣ መስታወቱ ላይ ውርጭ ተጋግሮበት ይሆናል ብላ ራሷን አሳመነች።

በአራተኛው ቀን ቅዳሴው ተደረገ። ከቤተ ክርስቲያኑ እስከ መቃብሩ በር ሁለት መቶ እርምጃ ነው፤ በዚያ ብርድ ግን ሳምንት ይመስላል። ሰው የተናገረው ቃል ከአፉ ወጥቶ ሳይሰማ መሬት ላይ እየወደቀ ይሰበር ነበር። በሩ አጠገብ ከድንጋይ የተሠራች አንዲት ክፍል አለች፤ ክረምት የሞቱት እስከ ግንቦት የሚቆዩት እዚያ ነው። ስድስት ወንዶች ሬሳ ሳጥኑን ይዘው ገቡና መደርደሪያው ላይ አስቀመጡት። ከጎኑ ባለፈው ወር የሞቱ አንዲት አሮጊት ነበሩ። ካህኑ ጸለዩ። የመቃብሩ ጠባቂ ከባዱን የብረት በር ገፍቶ ቆለፈው፤ ቁልፉን ኪሱ ከተተ።

ኤልፍሪዳ ቆማ ቀረች። መቃብር ቢሆን አንድ እፍኝ አፈር ትጥል ነበር። በተቆለፈ በር ላይ ምን ይጣላል? ጓንቷን አውልቃ በሩን ልትነካ እጇን ዘረጋች፤ ማርሊስ ቶሎ ያዘቻት፤ በዚህ ብርድ ባዶ እጅ ብረት ከነካ ቆዳው እዚያው ይቀራል። ያን ታክል እንኳ አልተፈቀደላትም።

በማግስቱ ማርሊስ ዘመዶቿን ልትሸኝ ቢስማርክ ሄደች። ረፋድ ላይ የትራክተር ድምፅ ተሰማ። ዋልደማር ማንንም አልጠየቀም፤ በሬይንሆልድ ግቢ ገብቶ ከሄልጋ በስተሰሜን የተቆለለውን በረዶ ይዝቃል። ኤልፍሪዳ በመስኮት አየችው። መከልከያ የሚሆን ሰበብ ፈለገች፣ አጣች። ከበሩ ጀርባ የተሰቀለውን የሬይንሆልድን የሥራ ካፖርት ለብሳ ወጣች።

ስትደርስ ሳጥኑን ከፍቶ ተንበርክኳል። ተመለከተ። ሃምሳ ዓመት ያወራው ሰው ዝም አለ።

ባትሪዎቹ ጎናቸው አብጧል። የአንደኛው ክዳን ተነስቷል፤ ሌላው ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቆ ከስንጥቁ ነጭ በረዶ ወጥቷል።

«በረዶ ሆነዋል» አለ ዋልደማር፣ በእውነት በዝቅታ። «ሞልተው ቢሆን ኖሮ ይህ ብርድ ምንም አያደርጋቸውም ነበር። በረዶ የሚሆነው ባዶው ነው።»

«መቁረጫውን አዙሬው ነበር።»

«አይቻለሁ፣ ዞሯል። ጋዝ ሲያፈስ የምትጮኸው ጠቋሚ ግን ገመዷ ከመቁረጫው አልፎ በቀጥታ ነው የተያያዘው። ባትሪውን ቀን ከሌት ትጠጣለች። ለዚህ እኮ ነው ጥቁሩ የሚፈታው።» አሁን ገና ቀና ብሎ አያት። «በሩ ሥር አረንጓዴ መብራቷን አላየሽም?»

«አይቻለሁ። ማታ ማታ አያት ነበር» አለች። «ለሬይኒም ነግሬዋለሁ።»

«መቼ?»

«ኅዳር ላይ።»

ዋልደማር ኮፍያውን ወደ ኋላ ገፋ፣ መልሶ ወደ ፊት ሳበው። ቃል ሲፈልግ ታይቶ የማይታወቅ ሰው ነው፤ ያን ቀን ግን ፈልጓል።

«ምን አለሽ?»

«ደህና ናት ማለት ነው አለኝ። አትውጪ አለኝ፣ ብርድ ነው።»

«ኤልፊ» አለ ዋልደማር። «የዚያችን መብራት ነገር ለእኔ ያስተማረኝ ሬይኒ ነው። ከበራች ጥቁሩ አልተፈታም ማለት ነው።»

ኤልፍሪዳ የሚያስተነፍሰውን መሣሪያ በሐሳቧ እንደገና ሰማችው፤ ሲስብ፣ ሲለቅ፣ ሲስብ። በዚያች ዝምታ ውስጥ አሥራ አንድ ክረምት የጠበቃቸው ባትሪዎች እየሞቱ መሆናቸውን አውቋል። ለዋልደማር አንድ ጊዜ ቢደውል ኖሮ በአሥር ደቂቃ ያበቃ ነበር። ግን ያኔ ኤልፍሪዳ እንደዋሸች ይታወቃል። አልደወለም። ድመቷ በላች ወይ አለ።

«ቢቀልጡስ?» አለች። «ወደ ቤት አስገብተን፣ ምድጃው አጠገብ፣ ቀስ ብለው ቢቀልጡ?»

«ተሰንጥቀዋል። ሲቀልጡ አሲዱ ወለልሽ ላይ ነው የሚፈሰው።»

«ቻርጀሩስ?»

«በረዶ በሆነ ባትሪ ላይ ኤሌክትሪክ አይለቀቅም፣ ይፈነዳል። ምንም አይደረግም፣ ኤልፊ።» ተነስቶ የጉልበቱን በረዶ አራገፈ። «ግንቦት ላይ አዲስ እናስገባለን። ሄልጋ ትነሳለች፣ እኔ እነዳታለሁ፣ ጥሩምባዋን መንግሥተ ሰማያት ድረስ አሰማታለሁ። እነዚህን አሁን ቆርጬ ላንሳልሽ።» ከኪሱ የገመድ መቁረጫ ጉጠት አወጣ።

«ተው» አለች። «እኔ እፈታዋለሁ። መፍቻውን ስጠኝ።»

«ሞተዋል እኮ። የቱም ቢቀድም ለውጥ የለውም።»

እጇን ዘርግታ ጠበቀች። ዋልደማር ጉጠቱን መለሰ፤ ከትራክተሩ መፍቻ አምጥቶ ሰጣትና ነፋሱን በጀርባው ከልሎላት ቆመ።

ተንበረከከች። መፍቻውን ጥቁሩ ላይ ገጠመች። የጥቅምቱ ብሎን ነው፤ አልላላም። ክብደቷን ሁሉ ጣለችበት፤ ጣቷ በዚያው በጠባሳው ላይ ተላጠ። ዋልደማር እጁን ሰደድ አደረገና ራሱ ሰበሰበው። ስንት ጊዜ እንደገፋች የቆጠረ የለም፤ ብሎኑ ግን አንዴ ጮኸና ዞረ። ገመዱን ነቅላ ወደ ጎን አጠፈችው። ነፋሱ ወዘወዘው።

የደማ ጣቷን ልታሞቅ እጇን ካፖርቱ ኪስ ከተተች። አንድ ለስላሳ ነገር ነካች። አወጣችው። ተረከዙ የሳሳ ግራጫ የሱፍ ካልሲ ነው፤ ሬይንሆልድ ወደ ሆስፒታል ሳይሄድ ለዘንድሮ ያዘጋጀው።

ዓይኗ እየፈሰሰ ነበር፤ አልጠረገችውም። የገመዱን ጫፍ በአንድ እጇ ያዘች፤ በሌላው ካልሲውን ሰብስባ አጠለቀችለት፣ እስከ ላይ ሳበችው። ወደ ቀዩ ለመዞር አልቸኮለችም። ተረከዙ ተጣሞ ነበርና መጀመሪያ እሱን አስተካከለች።